ምሰሶ ያለው ምስቅልቅል፦ የኤክስፕረሽኒስት ሥዕል ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያውን የኤክስፕረሽኒስት ሥዕሌን (ከሚታየው ይልቅ የውስጥ ስሜትን ለማሳየት ቅርጽና ቀለምን የሚያጣምም የሥዕል ዓይነት ነው) የሠራሁት ተናድጄ ነው። ንዴቱ ብቻውን ይበቃል ብዬ አምኜ ነበር። ያለኝን ቀለም ሁሉ አወጣሁና ሸራውን አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት በብሩሽ ደበደብኩት። ስጨርስ ፊቴ የቆመው ግን ንዴት አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጭቃ የመሰለ ቡናማ ነበር። ለምን እንዳልጮኸ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ታላላቆቹን ሥራዎች ቀስ ብዬ ክፍል በክፍል ማየት ስጀምር ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ሁሉም ነገር አይፈርስም። አንድ ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የቀረው የሚፈርሰው በእሱ ፊት ነው። ያንን የቆመውን ነገር ምሰሶ እለዋለሁ። ይህ መመሪያም ምሰሶውን እንዴት እንደምትመርጡ፣ ሌላውን ደግሞ እንዴት እንደምታፈርሱ የሚያሳይ ነው።

ብሩሽ ከማንሳት በፊት፦ ሃያ ደቂቃ መመልከት

ወረቀት ውሰዱና መሃሉን በመስመር ክፈሉት። በአንዱ ወገን «የፈረሰ»፣ በሌላው «የቆመ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ አንድ ሥዕል ፊታችሁ አድርጋችሁ ሁለቱንም ወገን ሙሉ።

በኤድቫርድ ሙንክ «ጩኸት» ጀምሩ። የተሣለው በ1893 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፤ የተሣለበትም ሸራ ሳይሆን ካርቶን ነው። ሰማዩ ቀይና ብርቱካናማ ማዕበል ሆኗል። የባሕሩ ወሽመጥ ይጠማዘዛል። ከፊት ያለው ሰው ገላ አጥንት እንደሌለው ሁሉ ከሰማዩ ጋር አብሮ ይታጠፋል። እነዚህን ሁሉ «የፈረሰ» ከሚለው ሥር ጻፏቸው። አሁን የመንገዱን መከታ አጥር ተመልከቱ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ ሥዕሉ ጥልቀት ይወረወራል። ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎችም ምንም እንዳልተፈጠረ ተገትረው ቆመዋል። አጥሩንና ሁለቱን ሰዎች በእጃችሁ ሸፍኑና እንደገና እዩት። ጩኸቱ ይለዝባል፤ የሚቀረው ደስ የሚል ማዕበል ነው። የሰውየው ድንጋጤ የሚሰማን ዓለም ለእሱ ብቻ ስለፈረሰች፣ ለሌሎቹ ደግሞ ስለቆመች ነው። ይህን የሚነግረን ያ ቀጥ ያለ አጥር ነው።

በዚሁ ሥዕል ላይኛ ግራ ጥግ በእርሳስ የተጻፈ ትንሽ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ይህን ሊሥል የሚችለው እብድ ብቻ ነው ይላል። ለረጅም ጊዜ አንድ ተመልካች በንቀት የጻፈው ይመስል ነበር። በ2021 ግን የኖርዌይ ብሔራዊ ሙዚየም በኢንፍራሬድ አጥንቶ የእጅ ጽሑፉ የራሱ የሙንክ መሆኑን አረጋገጠ። የሥዕልን ምስቅልቅል ከሠዓሊው አእምሮ ጋር ማምታታት የቆየ ስህተት ነው፤ መዘዙም ቀላል አልነበረም። በ1937 ናዚዎች በሙኒክ ባሳዩት «የተበላሸ ጥበብ» ኤግዚቢሽን ሥዕሎቹን ሆን ብለው አጨናንቀውና አዛብተው ሰቀሏቸው፣ ግድግዳውንም በስድብ ሞሉት፤ ተመልካቹ የእብዶች ሥራ እንዲመስለው። ከኧርንስት ሉድቪግ ኪርሽነር ብቻ ከ600 በላይ ሥራዎች ከሙዚየሞች ተወርሰዋል። እሱም በዓመቱ፣ በ1938፣ ራሱን አጠፋ።

ሁለተኛው መለማመጃችሁ የዚሁ የኪርሽነር «ፖትስዳመር ፕላትስ» ይሁን። በ1914 የተሣለ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃምሳ የሆነ ሥራ ነው። መንገዱ አረንጓዴ ነው፤ ወደ እኛም ተዘቅዝቋል። ሁለቱ ሴቶች የቆሙበት ክብ ደሴት ተንሸራቶ የሚወድቅ ሳህን ይመስላል፤ ከኋላ ያሉት ወንዶች እግራቸው እንደ መቀስ ስለት ነው። ሴቶቹ ግን? ረዣዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከሥዕሉ ግርጌ እስከ አናቱ አካባቢ የሚደርሱ ሁለት ምሰሶዎች ናቸው። «የቆመ» ከሚለው ሥር የምትጽፉት እነሱን ነው።

ቢያንስ አምስት ሥዕሎችን በዚህ መንገድ ካላያችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። 60 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ ወይም መደብ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ ሽፋን) የተቀባ ጠንካራ ካርቶን፣ የከሰል እርሳስ፣ ሦስት ሰፋፊ ብሩሾች፣ አንድ የቀለም ቢላ፣ ጨርቅ። ትናንሽ ብሩሾቻችሁን ከአጠገባችሁ አርቁ፤ በቀጭን ብሩሽ የተጀመረ ሥዕል ወደ ዝርዝር ይሸሻል።

ዘይት ቀለም ወይስ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም)? ለመጀመሪያ ሥራ አክሪሊክ ይሻላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ ከሥር ያለው ቀለም ከላይኛው ጋር ተቀላቅሎ አይጨቀይም። በዘይት ቀለም የምትሠሩ ከሆነ ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። ቀጭኑ ሽፋን ከታች፣ ወፍራሙና ዘይት የበዛበት ከላይ ይሁን፤ ይህ ከተገለበጠ ከታች ያለው ቀስ ብሎ ሲደርቅ የላይኛው ይሰነጣጠቃል። ሌላው፣ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡት። ተርፐንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የምትጠቀሙ ከሆነ መስኮት ይከፈት።

ስሜቱን በስሙ ጥሩ

«ሐዘን» የሚለው ቃል ሰፊ ነው፤ አይሣልም። «ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ዝምታ» ግን ይሣላል፤ ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ በዙሪያው ዕቃ አለ። ስሜታችሁን እስከዚህ ድረስ አጥብቡት። እስከ መጨረሻው አብሮን የሚሄድ ምሳሌ እንዲኖረን ይህንኑ እንያዝ፦ ማታ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት አለ፤ አንድ ሰው ክፉ ወሬ ሰምቶ ስልኩን ዘግቷል። ሰውየውን አንሥለውም። ክፍሉ ይናገርለት።

ርእሰ ጉዳዩ ተራ ሲሆን ይመረጣል። ጦርነት፣ እሳት፣ የተሰበረ መስታወት ስትሥሉ ተመልካቹ ምስቅልቅሉን ከጉዳዩ እንጂ ከሥዕሉ አይጠብቅም። ወንበር ሲንቀጠቀጥ ግን ሁሉም ያየዋል።

ምሰሶውን ምረጡ

ምሰሶ መስመር ብቻ አይደለም። በሙንክ ሥራ አጥር ነው፤ በኪርሽነር የሰው ቁመና። ሉድቪግ ማይድነር የሚፈነዱና የሚወድቁ ከተሞችን ከ1912 ጀምሮ ሲሥል፣ በ1914 ከተማን ለሚሥሉ ሰዎች ባወጣው አጭር መመሪያ ሦስት ነገሮችን ከሁሉ አስቀደመ፤ ብርሃን፣ የእይታ ነጥብ፣ ቀጥተኛ መስመር። ከተማን በሸራ ላይ የሚያፈርስ ሰው ስለ ቀጥተኛ መስመር አጥብቆ መናገሩን ልብ በሉ። ካንዲንስኪ በ1913 በሣለው «ቅንብር 7» ደግሞ መሃሉ አካባቢ ያልተስተካከለ አራት ማዕዘን የሚያቋርጠው ሞላላ ቅርጽ አለ፤ ሦስት ሜትር ወርድ ያለው ያ ሁሉ ማዕበል የሚሽከረከረው በእሱ ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ምሰሷችሁ ቀጥ ያለ መስመር፣ የማይለወጥ አንድ ቀለም፣ የሚደጋገም አቅጣጫ ወይም ፊታችሁን ትክ ብሎ የሚያይ ዓይን ሊሆን ይችላል። አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት ምሰሶ የሚቻለው ሁለቱም አንድ ነገር ሲናገሩ ነው፣ እንደ ኪርሽነር ሴቶች።

በእኛ ክፍል ውስጥ ምሰሶው ወንበሩ ይሁን። የኋላ መደገፊያው ሁለት ቋሚዎች ከሸራው ጠርዝ ጋር ፍጹም ትይዩ ሆነው ይቆማሉ። ለሰውየው የቀረለት ብቸኛ የታወቀ ነገር ወንበሩ ስለሆነ ነው እሱን የመረጥኩት። ምሰሶ በቅርጹ ብቻ ከተመረጠ ጌጥ ይሆናል፤ ለምን እንደሚቆም በስሜቱ በኩል ምክንያት ይኑረው።

ሃያ ንድፍ፣ ከዚያ አንድ ሸራ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ምስቅልቅል በድንገት የሚመጣ ይመስላቸዋል። ካንዲንስኪ ለዚያ ለጠቀስኩት ሥራ ከሠላሳ በላይ ቅድመ ጥናቶችን ሠርቷል፤ በእርሳስ፣ በውሃ ቀለም፣ በዘይት። ትልቁን ሸራ ራሱን የጨረሰው ግን በአራት ቀን ነው፤ በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር ከ25 እስከ 28 1913። ሠዓሊዋ ጋብሪየለ ሙንተር ሸራውን በየደረጃው ፎቶ አንስታዋለች። አራቱ ቀን ያለ ሠላሳው ጥናት አይታሰብም።

በ1905 ድሬስደን ውስጥ «ብሩከ» የተባለውን ቡድን ያቋቋሙት አራቱ ወጣቶች ማለትም ኪርሽነር፣ ሄከል፣ ብላይልና ሽሚት-ሮትሉፍ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነበሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። እነዚያን ጠማማ ክፍሎችና የተዘቀዘቁ መንገዶች የሣሉት ነገር እንዴት ጸንቶ እንደሚቆም የተማሩ ሰዎች ናቸው። እጃቸውን የሚያፈጥኑበት ደግሞ የታወቀ ልምምድ ነበራቸው፤ ሞዴሉ በየአሥራ አምስት ደቂቃው አቋቋሙን ይለውጣል፣ እነሱም ከዚያ በፊት መጨረስ አለባቸው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ ሰዓቱን ግን አሳጥሩት። የእጅ መዳፍ የሚያክሉ ሃያ ሳጥኖች በወረቀት ላይ ሥሩና ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ስጡ። በሁሉም ውስጥ ምሰሶው አንድ ቦታ ላይ ይቆያል፤ በዙሪያው ያለው ግን በየጊዜው በሌላ መንገድ ይፈርሳል። በአንዱ ወለሉ ይዘቀዘቅ፤ በሌላው ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይደፉ፤ በሦስተኛው ጠረጴዛው ከላይ፣ መስኮቱ ከታች ይታይ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ንድፎች ሌሎች ሠዓሊዎችን ይመስላሉ። ከአሥራ ሁለተኛው ገደማ በኋላ የእናንተ የሆነ ነገር ብቅ ማለት ይጀምራል።

ስትመርጡ በጣም የተመሰቃቀለውን አትምረጡ። ዓይናችሁ ደጋግሞ ወደ ምሰሶው የሚመለስበትን ምረጡ።

ወለሉን ማዘንበል

የተመረጠውን ንድፍ በከሰል ወደ ሸራው አስተላልፉ። እዚህ የምታፈርሱት የርቀት እይታን ሕግ ነው። ትይዩ የሆኑ መስመሮች ሲርቁ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባሉ ይላል ሕጉ። እናንተ ለእያንዳንዱ ዕቃ የየራሱን ነጥብ ስጡት። የእኛ ጠረጴዛ ከላይ እንደሚታይ ይሁን፤ መስኮቱን ወለል ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን እዩት፤ የወለሉ መስመሮች ሲርቁ ከመሰብሰብ ይልቅ ይስፉ። ተመልካቹ የት እንደቆመ ማወቅ ያቅተዋል፤ ማዞሩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ አታጣሙ። ከማጠፊያዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ የከረረ ይሁን፤ ለእኔ ወለሉ ነው።

ቀለም

ብዙዎች መንገድ የሚጠፋቸው እዚህ ነው፤ እኔም የጠፋሁት እዚሁ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ፓሪስ በሚገኘው በጎብለን የምንጣፍና የጨርቅ ሥዕል ማምረቻ ስለ ቀለም ማቅለሚያው ቅሬታ ይመጣ ነበር፤ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል። የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ኬሚስቱ ሚሼል ዩጂን ሸቭረል መረመረው። ክሩ ምንም አልጎደለውም፤ አጠገቡ ያለው ቀለም ነበር ያደበዘዘው። በ1839 ባሳተመው ሥራ ይህን በዝርዝር አብራራ፦ ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ እያንዳንዱ ሌላውን ከራሱ ያርቀዋል። ቀይ አጠገቡ ያለውን ግራጫ አረንጓዴ ያስመስለዋል፤ አረንጓዴ አጠገብ ያለ ቀይ ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ ይቀላል። ኤክስፕረሽኒስቶቹ የሚንተገተግ ቀለማቸውን ያገኙት ከዚህ ጉርብትና ነው።

ተቃራኒ ጥንዶቹ ሦስት ናቸው፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ፣ ቢጫና ሐምራዊ። አንዱን ጥንድ ምረጡ። በእሱ ላይ ነጭ፣ አንድ ጨለማ ቀለምና በጣም በጥቂቱ የሚገባ አንድ እንግዳ ቀለም ጨምሩ። በቃ። ለእኛ ክፍል ግድግዳውና ወለሉ አረንጓዴ፣ ወንበሩ ቀይ፣ ጨለማው ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፤ እንግዳው በመስኮቱ ጥግ ብቻ የሚታይ ሎሚማ ቢጫ።

ተቃራኒዎቹ ሲጎራበቱ ያበራሉ፤ ሲዋሃዱ ግን ይሞታሉ። ቀዩ የሚመልሰውን ብርሃን አረንጓዴው ይውጠዋል፣ አረንጓዴው የሚመልሰውን ቀዩ ይውጠዋል፤ የሚተርፈው ያ የእኔ ቡናማ ጭቃ ነው። ስለዚህ ለቀዩ አንድ ብሩሽ፣ ለአረንጓዴው ሌላ፣ ለጨለማው ሦስተኛ ይኑራችሁ፤ አታቀያይሯቸው። በቀይና በአረንጓዴው መካከል እንደ ክር የቀጠነ ያልተቀባ ሸራ ብትተዉ ወይም ጥቁር መስመር ብታስገቡ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ።

አሁን ደግሞ ድንበሩ የሚንቀጠቀጥበት ዘዴ። ሁለቱን ተቃራኒ ቀለሞች በብርሃን መጠናቸው እኩል አድርጓቸው፤ ቀዩ ከአረንጓዴው አይጠቁር፣ አይንጣም። እንዲህ ሲሆን ዓይን በቀለም ድንበር ያያል፣ በብርሃን ግን አያይም፤ ጠርዙ የሚርገበገብ ይመስላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት፤ ድንበሩ ከጠፋ ተሳክቷል። ይህን በሁሉም ቦታ ካደረጋችሁት ዓይን ይደክማል። በሚፈርሰው ክፍል ላይ አድርጉት። ምሰሶው ግን በጥቁርና ነጭ ፎቶም ቢሆን ጎልቶ መታየት አለበት፤ ስለዚህ የወንበሩ ቀይ ከግድግዳው በጣም የጠቆረ ወይም በጣም የነጣ ይሁን።

መቀባት

ሦስት ሰዓት መድቡና በአንድ ጊዜ ሸራውን በሙሉ ሸፍኑ። ከጥግ ተነስታችሁ ወደ ሌላው ጥግ አትሂዱ። መጀመሪያ ጨለማዎቹን፣ ቀጥሎ ሰፋፊዎቹን አረንጓዴዎች፣ በመጨረሻ ቀዩን አስገቡ። ቆማችሁ ሥሩ፤ ክንዳችሁ ከትከሻ ይንቀሳቀስ። ወለሉን ስትቀቡ ብሩሹን ወለሉ በሚዘቀዘቅበት አቅጣጫ ጎትቱት፤ የብሩሹ ፈለግ ራሱ ይንሸራተት። ወንበሩን ስትቀቡ ግን ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ከላይ ወደ ታች በአንድ ምት ጨርሱት። የእጅ ፍጥነት በሸራው ላይ ይታያል፤ ተመልካቹም ሳያውቀው ያነበዋል።

አንድ ቦታ ዝም ያለ ይሁን። ኢጎን ሺለ የሚያጣምማቸውን ገላዎች ብዙ ጊዜ ባዶ መደብ ላይ ይተዋቸዋል፤ ጣቶቹ፣ ጉልበቶቹ፣ አንገቱ የሚጮኹት በዙሪያቸው ምንም ስለሌለ ነው። በእኛ ክፍል የጠረጴዛውን ገጽ አንድ ጠፍጣፋ ቀለም አድርጌ እተወዋለሁ።

መፋቅ

ካልሆነላችሁ ፋቁት። ቪለም ደ ኩኒንግ ከ1950 እስከ 1952 «ሴት 1» የተባለውን ሥዕል ሲሥል ደጋግሞ ፍቆታል፣ ደግሞ ሥሎታል፤ በመሃል ተስፋ ቆርጦ ትቶትም ነበር። የመጨረሻው ሥዕል በአንድ ቁጣ የወረደ ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ግርፋት መካከል ግን ትልልቆቹ ዓይኖች አይነቃነቁም።

የምፍቀው እንዲህ ነው። ዘይት ቀለሙ ሳይደርቅ በቢላው ጠርዝ የማልፈልገውን አነሳለሁ፣ የቀረውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። ከሥር የሚቀረው ጥላ ጥቅም አለው፤ አዲሱ ቀለም ሲያርፍበት የትናንቱ ሙከራ እንደ ጠባሳ ይታያል። በአክሪሊክ ከሆነ የደረቀውን በወፍራም ነጭ ሸፍኑና ከላዩ ጀምሩ።

ምን እንደሚፋቅ ለማወቅ ሸራውን ገልብጡት። ወንበር፣ መስኮት የሚሉት ስሞች ይጠፉና ቅርጽና ክብደት ብቻ ይቀራሉ። ዓይናችሁ ተንሸራቶ ከሸራው የሚወጣበት ጥግ ካለ እዚያ ላይ ሥሩ። የጃክሰን ፖሎክን ትልልቅ ሥራዎች ስታዩ ብዙዎቹ የተረጩ መስመሮች ወደ ዳር ሲቃረቡ ተጠማዘው ወደ ውስጥ ይመለሳሉ፤ ዓይንን የሚያስቀረው ያ ነው።

ከዚያ ሸራውን ቀና አድርጉና በመጀመሪያ ከሙንክ ጋር ያደረጋችሁትን መልሳችሁ አድርጉ፤ ምሰሶውን በእጃችሁ ሸፍኑ። የቀረው ተበትኖ ትርጉም ካጣ ምሰሶው ሥራውን እየሠራ ነው። ምንም ካልተለወጠ ወንበሩ ከሌሎቹ ዕቃዎች አንዱ ሆኗል ማለት ነው፤ አቅኑት፣ አጥቁሩት፣ አጠገቡ የሚሻማውን መስመር አጥፉ። ምሰሶው ብቻውን ጎልቶ ሌላው ሁሉ ዳራ ከሆነ ደግሞ በቂ አላፈረሳችሁም፤ ወደ ወለሉ ተመለሱ።

ሥዕሉን ለአንድ ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አቆዩት። በሰባተኛው ቀን አዙሩትና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ዓይናችሁ የት እንዳረፈ በወረቀት ጻፉ፤ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ያለው ሐሳብ የእጃችሁን ድካም እያስታወሰ ያዳላል። የጻፋችሁት ወንበሩን ከሆነ ሥዕሉ አልቋል። አክሪሊክ ከሆነ በቅርብ ቀን ቫርኒሽ (ሥዕሉን የሚጠብቅ የመጨረሻ ሽፋን) ይቀባል፤ ወፍራም ዘይት ቀለም ከሆነ ግን ውስጡ እስኪደርቅ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጠብቁ።